ከስምንት ጥቅል አንዷ ብቻ፦ ስለ ጋርቦ የጠፋ ፊልም

የመጋረጃ ጀርባ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ሰሞኑን አንድ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛልና ላካፍላችሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በጥር 1928 ኤምጂኤም የተባለው የሆሊዉድ ስቱዲዮ «መለኮታዊቷ ሴት» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም አወጣ። በእንግሊዝኛ ስሙ «ዘ ዲቫይን ውማን» ነው። ዋናዋ ተዋናይት ግሬታ ጋርቦ፣ ወንዱ ተዋናይ ላርስ ሃንሰን፣ አዘጋጁ ቪክቶር ሾስትሮም። ሦስቱም ስዊድናውያን ናቸው። ሾስትሮምና ሃንሰን በአገራቸው የታወቁ የመድረክ ሰዎች ነበሩ፤ ጋርቦም ወደ ፊልም የገባችው በስቶክሆልም ከሚገኘው የንጉሣዊው ድራማ ቲያትር ትምህርት ቤት ነው።

ታሪኩም የቲያትር ቤት ታሪክ ነው። ማሪያን የምትባል የብሪታኒ ገጠር ልጅ ወደ ፓሪስ ትመጣለች። እናቷ ለራሷ ኑሮ እንጂ ለልጇ ደንታ የላትም። ማሪያን ሉሲያን የተባለ ድሀ ወታደር ትወዳለች፤ እርሱም ለእርሷ ሲል ከጦሩ ይከዳል፣ ቀሚስ ሊሰጣት ብሎ ይሰርቃል፣ ይታሰራል። በዚህ መካከል የእናቷ ወዳጅ የነበረ ሌግራንድ የሚባል የቲያትር ሰው መድረክ ላይ ያወጣታል፤ ፓሪስም እግሯ ሥር ይወድቃል። መነሻው ብሮድዌይ ላይ በ1925 የታየ ተውኔት ሲሆን፣ የተውኔቱ መነሻ ደግሞ የታላቋ ፈረንሳዊት ተዋናይት የሳራ በርናር ወጣትነት ነው። «መለኮታዊቷ» የሚለውም ቅጽል የእርሷ ነበር።

ፊልሙ ዛሬ የለም። ስምንት ጥቅል ነበር፤ በ1993 ሞስኮ አጠገብ በሚገኘው የጎስፊልሞፎንድ ቤተ መዛግብት አንድ ጥቅል ተገኘ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ጋርቦ በዋና ተዋናይነት ሆሊዉድ ውስጥ ከሠራቻቸው ፊልሞች መካከል እንዲህ የጠፋው ይህ ብቻ ነው።

ዘጠኙን ደቂቃ ባለፈው ሳምንት አየሁት። በየመሃሉ የሚገባው ጽሑፍ በሩስኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ወታደሩ ሊሰናበታት መጥቷል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ እርሱ ግን አይሄድም። ጋርቦ ትስቃለች፣ ትላፋለች፣ እንደ ልጅ ትሆናለች። ያቺ ከዐይኗ ሽፋን ሥር ዓለምን በድካም የምትመለከተው፣ በፖስተር የምናውቃት ጋርቦ በቦታው የለችም።

ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ቲያትር የሚባል ነገር የለም። መድረኩ፣ መጋረጃው፣ መልበሻ ክፍሉ፣ የሌግራንድ ተንኮል፣ የመጀመሪያው ምሽት ጭብጨባ፣ ሁሉም በጠፉት ሰባት ጥቅሎች ውስጥ ነው። ስለ ቲያትር ከተሠራ ፊልም የተረፈው ቲያትር የሌለበት ክፍል ብቻ ነው። ይህ ለእናንተ ምን ይላችኋል?

---

ሐሙስ ማታ

እኔን የገረመኝ ደግሞ ይኸውልሽ። ሳራ በርናር የታወቀችው በድምፅዋ ነው፤ «የወርቅ ድምፅ» እያሉ ነበር የሚያወድሷት። በድምፅ የከበረችን ሴት ሕይወት በድምፅ አልባ ፊልም መሥራት ዓይነ ስውር ፊት ሥዕል እንደ መዘርጋት አይሆንም?

---

የመጋረጃ ጀርባ

ጥሩ አልክ። ግን በርናር ራሷ በድምፅ አልባ ፊልም ተውናለች እኮ። በ1912 «ንግሥት ኤልሳቤጥ» የተባለውን ፊልሟን አዶልፍ ዙከር የተባለ የሲኒማ ነጋዴ ወደ አሜሪካ አስገባ፤ በር የከፈተለትም ይኸው ፊልም ነው፤ በኋላ ፓራማውንት የሆነው ኩባንያ ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል። ከዚያም በፊት፣ በ1900 በፓሪሱ ዐውደ ርእይ የሃምሌትን የሰይፍ ግጥሚያ ስትተውን ተቀርጻለች። ሃምሌትን የምትጫወተው እርሷ ናት፤ ሴት ሆና ወንዱን። ያ ቅንጥብ ዛሬም አለ። ድምፅዋም በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ ቀርቷል።

ስለዚህ ነገሩ ተገልብጧል። በ1844 የተወለደችው፣ ስለ ፊልም ሳይታሰብ መድረክ የወጣችው በርናር ምስሏም ድምፅዋም ደርሶናል። ስለ እርሷ የተሠራው ፊልም ግን፣ የዚያ ዘመን ትልቁ ስቱዲዮ፣ በዘመኑ እጅግ የተወደደችውን ተዋናይት ይዞ የሠራው፣ ጠፋ።

---

ተጠራጣሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አላለቅስም። ታሪኩን አንብቤዋለሁ። ድሀ ልጅ፣ ክፉ እናት፣ ሀብታም አዘጋጅ፣ እስር ቤት የገባ ፍቅረኛ። መጨረሻው ደግሞ የባሰ ነው፦ ማሪያን ዝናዋን ትታ ትወድቃለች፣ ራሷን ለማጥፋት ትሞክራለች፣ ሉሲያን ይመለስና ሁለቱ ደቡብ አሜሪካ ሄደው ከብት ያረባሉ። ሳራ በርናር ከብት ስታረባ! ሴትዮዋ በሰባ ዓመቷ እግሯ ተቆርጦ እንኳ ከመድረክ አልወረደችም። ከፊልሙ የተረፈው ዘጠኝ ደቂቃ ምናልባት ምርጡ ክፍል ይሆናል፤ ሌላው ቢቀር ምን ይጎድላል?

---

ሐሙስ ማታ

ከብት ማርባትን አትናቅ ወንድሜ። ግማሹ ቤተሰቤ ያኮርፋል።

---

አሮጌው ፕሮጀክተር

ልጆቼ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ፊልም እንዴት እንደሚጠፋ ልንገራችሁ። እኔ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም በማጫወት ነው ያረጀሁት። በእኔ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ፕላስቲክ አሲቴት ነው፤ ሲበላሽ ኮምጣጤ ይሸታል። ጥቅሉን ከቆርቆሮው ስታወጡ አፍንጫችሁን ይመታችኋል፤ ፊልሙ ይሰበሰባል፣ ይጣመማል፣ ከዚያ በፕሮጀክተሩ ጥርስ አላልፍም ይላል።

ከዚያ በፊት የነበረው ናይትሬት ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ቤት ፊልም የሚሠራው በእርሱ ነበር። ናይትሬት የባሩድ ዘመድ ነው። ሲቃጠል ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚያመነጭ ውኃ ውስጥ ብትጨምሩት እንኳ መንደዱን አያቆምም። ባይቃጠልም ደግሞ ይሞታል፦ መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከዚያ እንደ ማር ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። የሚቀመጠው በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ነው፤ ያንን ደግሞ ማን ያደርጋል? ከቀዳሚዎቻችን የሰማሁት አንድ ምክር ነበር፤ «ከናይትሬት ጋር ስትሆን ሲጋራህንም ቁጣህንም ውጭ ትተህ ግባ» ይሉ ነበር።

በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ መጋዘን በሐምሌ ሙቀት ራሱን በራሱ አቀጣጥሎ ነደደ፤ የፎክስ ድምፅ አልባ ፊልሞች ዋና ቅጂ አብዛኛው በዚያች ሌሊት አመድ ሆነ። የኤምጂኤምም መጋዘን በ1960ዎቹ ተቃጥሏል።

ግን ሁሉንም በእሳት አታሳቡ። ብዙውን የገደሉት ባለቤቶቹ ናቸው። በጥቅምት 1927 የሚናገር ፊልም መጣ። እናንተ የምታወሩለት ፊልም የወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ አልባ ፊልም የሚገዛ አልነበረም። መጋዘን ኪራይ አለው፣ የእሳት አደጋ አለው። በፊልሙ ላይ ያለው ብር የሚባለው ማዕድን ደግሞ ተለይቶ ይሸጣል። እቃጠሎ ቤት ወስደው ብሩን አወጡ፤ ምስሉ ቀረ።

---

የመጋረጃ ጀርባ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ካሉት ጋር የሚሄድ ቁጥር አለኝ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 10,919 ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያው ይዘታቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ኤምጂኤም ከሌሎቹ የተሻለ ጠባቂ ነበር፤ ቢሆንም ይቺኛዋ ከእጁ አመለጠች።

---

ተጠራጣሪው

14 በመቶ! እሺ፣ ይህ ያሳዝናል። አንድ ነገር ግን ግልጽ አይደለም። የአሜሪካ ፊልም ሞስኮ ምን ይሠራል?

---

አሮጌው ፕሮጀክተር

ፊልም እንደ ነጋዴ ነው፣ ይዞራል። መጀመሪያ በትልልቅ ከተሞች ይታያል፤ ከዚያ ወደ ትንንሾቹ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አገር፣ በመጨረሻ ወደ ዓለም ጥግ። ጥግ ሲደርስ ተቧጭሯል፣ ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ ጥርሱ ተሰብሯል። አከፋፋዩ «መልሱልኝ» ቢል የማጓጓዣው ዋጋ ከፊልሙ ዋጋ ይበልጥበታል። ስለዚህ እዚያው ይቀራል። አንዱ ይጥለዋል፣ አንዱ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው የጠፋ ፊልም የሚገኘው በማይጠበቅ ቦታ። ካናዳ ውስጥ ዶውሰን ሲቲ በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ በ1978 ከ500 በላይ ጥቅል የተገኘው ከመሬት ሥር ነው፤ የአሮጌ መዋኛ ገንዳ መሙያ አድርገውት ነበር። ብርዱ ጠበቀው።

---

ከሰሜን ጫፍ

ሰላም ከስቶክሆልም። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ ኒብሮፕላን በሚባለው አደባባይ ላይ ባለው የንጉሣዊው ድራማ ቲያትር በኩል አልፋለሁ፤ ነጭ ድንጋይ፣ ወርቅ የተቀባ ምስል ያለበት ሕንፃ ነው። ለዓመታት ሳልፍ ጋርቦ እዚህ ተማሪ እንደነበረች አላወቅሁም ነበር። የተወለደችው በ1905 በሶደርማልም ነው፤ ዛሬ የቤት ኪራይ የማይቀመስበት፣ ያን ጊዜ የድሀ ሰፈር። አባቷ በልጅነቷ ሞተ፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት የወንዶችን ፊት በሳሙና ትቀባ ነበር፤ ከዚያ የሱቅ ሠራተኛ ሆነች።

አሁን የመጋረጃ ጀርባ ያነሣችውን ሳስበው፣ ማሪያን የምትባለው ገጸ ባሕርይ ከሳራ በርናር ይልቅ ጋርቦን ትመስላለች። ከምንም ተነሥታ አንድ የቲያትር ሰው አንሥቶ የሚያወጣት ልጅ። ሌግራንድን ሳነብ ትዝ ያለኝ የፊልም አዘጋጁ ሞሪትዝ ስቲለር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አውጥቶ በ1924 ትልቅ ፊልም ላይ ያቆማት፣ ስሟን የሠራላት፣ አሜሪካ ያደረሳት። ስቲለር እንደ ሌግራንድ ክፉ አልነበረም፤ ግን ሆሊዉድ እርሷን አስቀርታ እርሱን ሸኘችው። በ1928 መጨረሻ እዚሁ ስቶክሆልም ሞተ፤ ፊልሙ በወጣ በዚያው ዓመት። ጋርቦ ያንን ሚና ስትጫወት ምን ታስብ እንደነበር ማን ያውቃል።

---

የመጋረጃ ጀርባ

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

አንድ ልጨምርበት። ሃንሰን ከዚህ በኋላ ሆሊዉድን ትቶ ወደ ስዊድን መድረክ ተመለሰ። ሾስትሮምም ተመለሰ፤ በስተርጅናው በ1957 በስዊድናዊው አዘጋጅ በኢንግማር በርግማን ፊልም ላይ ያንን የማይረሳ አዛውንት ፕሮፌሰር ተጫወተ። ሾስትሮም በ1960፣ ሃንሰን በ1965 አረፉ። ጋርቦ ኒው ዮርክ ውስጥ ብቻዋን ስትኖር ቆይታ በ1990 አረፈች። ጥቅሉ የተገኘው በ1993 ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚሳሳቁት ሁለቱ፣ ከካሜራው ኋላ ከቆመውም ሰው፣ መገኘቱን የሰማ የለም።

---

ባለ ትኬቷ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጻፍ። ስለ ድምፅ አልባ ፊልም አላውቅም። በልጅነቴ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቲያትር ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የንጉሥ ታሪክ ነበር። ከተዋናዮቹ አንዷ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አድጌ ያንን ቲያትር ፈለግኩት። አልተቀረጸም። ጽሑፉ አለ ይባላል፤ የለቅሶው ነገር ግን ጽሑፍ ላይ «ታለቅሳለች» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። አባቴ ትኬቷን መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጥ ስለነበር እርሷ ብቻ እጄ ላይ አለች።

ስለዚህ የመጋረጃ ጀርባን ጥያቄ እንዲህ ነው የተረዳሁት፦ ቲያትር በየሌሊቱ ይጠፋል፤ ተዋናዮቹም ይህንን አውቀው ነው የሚገቡት። ፊልም ግን አይጠፋም ተብሎ ነው የተሠራው። ያሳዘነኝ እርሱ ነው፤ ቃሉን አለመጠበቁ።

---

ሐሙስ ማታ

እትዬ፣ ይህቺን «ታለቅሳለች» ያሉትን ነገር ዛሬ አልረሳትም።

---

ተጠራጣሪው

እኔም ዝም አሰኝተውኛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እትዬ እንዳሉት ቲያትር የሚጠፋ ከሆነ፣ ስለ ቲያትር ሕይወት የሚሠራ ፊልም ሁሉ ከመጀመሪያው ሐሰት ነው ማለት ነው። ካሜራው መድረኩን ሲያሳይ የሚያሳየው ቲያትር አይደለም፤ የተቀጠሩ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ነው። ሌግራንድ መድረክ ላይ የሚያወጣት ማሪያን ታላቅ ተዋናይት መሆኗን የምናውቀው በጽሑፍ ስለነገሩን ነው። ያ ክፍል ቢጠፋ አይገርመኝም። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሳሳቁ ግን ካሜራ የሚችለው ነገር ነው።

---

የመጋረጃ ጀርባ

ይህ ክርክር ጥሩ ነው፤ ሐሰት የሚለውን ግን አልቀበልም። ለመልስ የሚሆን ሌላ ፊልም አለና ልንገርህ፤ ይኸኛው ጠፍቶ የተገኘ ነው።

ጆን ፎርድን በካውቦይ ፊልሞቹ ነው የምናውቀው። በ1927 ግን ለፎክስ «አፕስትሪም» የተባለ ኮሜዲ ሠርቷል። ታሪኩ የሚካሄደው ተዋናዮች በሚከራዩበት ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው፤ ቢላ ወርዋሪው፣ ዳንሰኞቹ፣ ሥራ የፈታ የሼክስፒር አዛውንት፣ ሁሉም በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ኪራይ ይዋዋሳሉ። ከእነርሱ አንዱ የታላቅ የተዋናይ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ትወና ግን አይችልም። ከለንደን ሰው መጥቶ በቤተሰቡ ስም ምክንያት ብቻ ሃምሌትን እንዲጫወት ይወስደዋል። አዛውንቱ በአንድ ሌሊት ያስተምሩታል። ልጁ ለንደንን ያስደንቃል፤ ዝናው ሲያብጥ ያስተማረውን ሰው ይረሳል። ሲመለስ ያ ማረፊያ ቤት ሠርግ ላይ ነው፤ እርሱ ግን ለራሱ የተዘጋጀ አቀባበል ይመስለዋል። ከዚያ ከበሩ እንዴት እንደሚያስወጡት ራሳችሁ ተመልከቱት።

ፊልሙ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር፤ ጋሼ የነገሩን የ1937ቱ እሳት የፎክስን ፊልሞች ምን እንዳደረጋቸው ሰምታችኋል። ቅጂው የተገኘው ኒው ዚላንድ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት የዓለም ጥግ ላይ። በ2010 ከሌሎች ሰባ ያህል የአሜሪካ ፊልሞች ጋር መገኘቱ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ታድሶ ታየ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ቲያትሩ አለ። መድረኩ ላይ ያለው አይደለም፤ ከመድረኩ ጀርባ ያለው። ረኃቡ፣ የተዋዋሱት ኪራይ፣ ገበታው ላይ ማን ከማን በላይ ይቀመጣል የሚለው ኩርፊያ። አንተ «ካሜራ አይችለውም» ያልከው ጭብጨባውን ነው። የተዋናዮችን ኑሮ ግን ይችለዋል። «መለኮታዊቷ ሴት» ውስጥ የጠፋብኝም እርሱ ነው፤ ጭብጨባውን አልፈልገውም። ልብስ አጣቢ ቤት የነበረችው ማሪያን መጀመሪያ መልበሻ ክፍል ስትገባ እጇን የት እንዳስቀመጠች ማየት ነው የምፈልገው።

---

ሐሙስ ማታ

ሌላ መረጃ ከተፈለገ የማስታወቂያ ፎቶግራፎቹ ተርፈዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶ አንሺ ቆሞ ለጋዜጣ የሚሆን ያነሣ ነበርና። በ2002 «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» የተባለውን የኤምጂኤም የጠፋ ፊልም በፎቶግራፍ ብቻ ደርድረው አሳይተውታል። ለጋርቦም ሊደረግላት ይችላል።

---

አሮጌው ፕሮጀክተር

ፎቶግራፍ ደርድሮ ፊልም ማለት፣ የወጥ ሽታ አሽትቶ በላሁ ማለት ነው። ግን ከምንም ይሻላል፤ ጾመኛም ያሸታል።

እኔ ግን ሌሎቹ ሰባት ጥቅሎች ጠፍተዋል ብዬ አልፈርምም። ቤተ መዛግብት ማለት ሰው እንደሚያስበው በሥርዓት የተደረደረ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው አንድ፣ ውስጡ ያለው ሌላ፤ እኔ ራሴ የህንድ ፊልም ብዬ ከፍቼ የእግር ኳስ ዜና አግኝቻለሁ። የድራየር «የዣን ዳርክ ሕማማት» የመጀመሪያው ቅጂ በ1981 የተገኘው ኖርዌይ ውስጥ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ተቆርጦ የቀረው ክፍል በ2008 ቦነስ አይረስ ተገኘ። ማን ጠበቀው? ማንም። ቁም ሳጥኑን የከፈተ ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

---

ከሰሜን ጫፍ

ቅዳሜ ዕለት ወደ ስኮግስሺርኮጎርደን መቃብር ስፍራ ሄጄ ነበር። የጋርቦ አመድ ከኒው ዮርክ መጥቶ እዚህ ያረፈው በ1999 ነው። ድንጋዩ ላይ ፊርማዋ ብቻ ተቀርጿል፤ የተወለደችበትም የሞተችበትም ዓመት የለም። ይህን ውይይታችንን አስቤ ትንሽ ቆምኩ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ውሻቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ «ፊልሟን አይተዋታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትንሽ ልጅ ሆኜ እናቴ ወስዳኝ፤ ግን ተኝቼ ነበር» አሉኝ።

---

ተጠራጣሪው

ዘጠኙን ደቂቃ አየሁት። ታሪኩ አሁንም ደካማ ነው። ሩስኛው አልገባኝም፤ አልተቸገርኩም። ወታደሩ ሰዓቱ እንደደረሰ እያወቀ ካፖርቱን ለመልበስ የሚዘገየው ነገር ግን... አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልመለከተው ነው። ከብት ስለማርባቱ ያልኩትን አላነሣም።